አዲስ ዜማ ሰምቶ ስለ መፍረድ

ሰው በጆሮው የሰማውን ነገር ለወንድሙ ሲነግር ከሁለት አንዱን ያደርጋል፤ ወይም ይመሰክራል፥ ወይም ይፈርዳል። ምስክር «እንዲህ ሰማሁ፥ በሰማሁም ጊዜ በልቤ እንዲህ ያለ ነገር ሆነ» ይላል። ፈራጅ ግን «ይህ መልካም ነው፥ ያ ክፉ ነው» ብሎ ይቈርጣል። በሌላው ነገር ሁሉ እነዚህን ሁለቱን ለይተን እናውቃቸዋለን፤ በሸንጎም ቢሆን ምስክር በዳኛ ወንበር አይቀመጥም። ስለ ዜማና ስለ ሙዚቃ በተነጋገርን ጊዜ ግን ልዩነቱ ይጠፋብናል። አንድ ጊዜ ሰምተን ያደረብንን ስሜት እንደ ፍርድ አድርገን እንናገራለን፤ የሚያደምጠንም ሰው እንደ ፍርድ አድርጎ ይቀበለናል። ይልቁንም ተናጋሪው ካህን ወይም መምህር የሆነ እንደ ሆነ ቃሉ ከሚገባው በላይ ይከብዳል።

እንግዲህ በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው ጥያቄ ይህ ነው፤ አዲስ የወጣ የሙዚቃ ሸክላ፥ በዛሬው አጠራር አልበም፥ ሰምቶ አስተያየት መስጠት እንደ ወጥ ጣዕም «ጣመኝ፥ አልጣመኝም» ተብሎ የሚታለፍ ቀላል ነገር ነውን? ወይስ የምንጠየቅበት ቃል ነው? ብዙዎች የመጀመሪያውን ይላሉ። እኛም እንዲሁ እንል ነበር። ከዚያ አሳብ ያወጣን ትምህርት ሳይሆን በራሳችን የደረሰ ጥፋት ነውና እርሱን አስቀድመን ሳንሸሽግ እንጽፋለን። ሸክላዎቹ የታተሙት በውጭ አገር ስለ ሆነ ዓመታቱን ሁሉ እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር አድርገናቸዋል።

ሄርማታ ዛሬ በጅማ ከተማ ውስጥ የሰፈርና የገበያ ስም ሆኖ የቀረ ነው፤ በዳግማዊ አባ ጅፋር ዘመን ግን ከጅሬን ቤተ መንግሥት በታች የነበረ፥ ነጋዴ ከየአገሩ የሚሰበሰብበት ታላቅ የሐሙስ ገበያ ነበረ። በ2008 በኅዳር ወር፥ ቡና በሚለቀምበት ወራት፥ በአንድ ሐሙስ ቀን ለሰንበት ትምህርት ቤት የሚሆን የመዝሙር ካሴት ለመግዛት ወደዚያ ወርደን ነበር። በሱቁ ውስጥ የሚሸጠው ልጅ የእኛው የሰንበት ትምህርት ቤት ተማሪ፥ በከበሮ አመታቱም የተመሰገነ ነበረ። ሒሳባችንን ተቀብሎ መልስ ሲሰጠን «አባ፥ ይህን ቢሰሙልኝና ምን እንደሚሉ ቢነግሩኝ» ብሎ አንድ ሲዲ ከፈተ። ቃል የሌለበት የፒያኖ ድምፅ ብቻውን ወጣ። ውጭ የጭነት መኪና ሞተር ይጮኻል፤ ተሸካሚዎች «ዞር በሉ» እያሉ ያልፋሉ፤ እኛም ዓይናችን በእጃችን ባለው መልስ ላይ ነበረ። የሰማነው ሁለት ደቂቃ ቢሆን ነው። ሚዛኑ የማይጸና፥ አንድ ጊዜ የሚቸኩል አንድ ጊዜ የሚዘገይ፥ የሰከረ ሰው አካሄድ የሚመስል ሆኖ ስለ ታየን «ልጄ፥ ይህ የመጠጥ ቤት ሙዚቃ ነው፤ ለቤተ ክርስቲያን ልጅ ምን ያደርግልሃል?» አልነው። ልጁ አልተከራከረንም። ጐንበስ ብሎ መስቀል ተሳለመና ሙዚቃውን ዘጋው።

ከሁለት ዓመት በኋላ ወደ አዲስ አበባ ሄደን ኢየሩሳሌምን ተሳልመው በመጡ አንድ መነኵሴ ቤት ስናድር ያንኑ የፒያኖ ድምፅ ሰማነው። ወዲያው ዐወቅነው፤ ጆሮ ምንም ቢቸኩል ያቃለለውን ነገር አይረሳም። «ይህ የማን ነው?» ብንል «በኢየሩሳሌም በደብረ ገነት ገዳም ያሉት የእማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ ነው» አሉን።

የእማሆይ ታሪክ ለብዙዎቹ አንባብያን የታወቀ ስለ ሆነ በአጭሩ እናልፈዋለን። በ1923 በአዲስ አበባ ተወለዱ፤ የዓለም ስማቸው የውብዳር ነበረ፤ አባታቸው ከንቲባ ገብሩ ደስታ ናቸው። በስድስት ዓመታቸው ወደ ስዊስ አገር ተልከው ሙዚቃ ተማሩ፤ በጠላት ወረራ ዘመን ከቤተ ሰባቸው ጋር ወደ ኢጣልያ ተግዘው ነበር፤ ከዚያም በካይሮ ትምህርታቸውን ቀጠሉ። በወጣትነታቸው ዓለምን ትተው በግሸን ማርያም መንኵሰው በዚያ አሥር ዓመት ያህል ኖሩ። በኋላም በጎንደር ሳሉ የያሬድን ዜማ የሚማሩ የቆሎ ተማሪዎች ቁራሽ እየለመኑ በሜዳ ሲያድሩ አዩ፤ የሚሰጡት ገንዘብ ስላልነበራቸው በሙዚቃቸው ሊረዷቸው አሰቡ፤ የመጀመሪያው ሸክላቸው በ1967 በጀርመን አገር የታተመው ለዚህ ዓይነቱ በጎ አድራጎት ነበረ። እኛ የሰማነው ሲዲ በ2006 በፈረንሳይ አገር «ኢትዮጵክስ» በሚባለው ተከታታይ ኅትመት 21ኛ ሆኖ የወጣው ነው። እማሆይ በመጋቢት 2023 በኢየሩሳሌም ዐረፉ።

ይህን በሰማን ጊዜ ያደረብንን ኀፍረት መግለጽ አያስፈልግም። ለቆሎ ተማሪ እንጀራ የሆነውን ዜማ የመጠጥ ቤት አልነው፤ እኛም ራሳችን የቆሎ ተማሪ የነበርን ሰዎች! ነገር ግን ከዚህ ኀፍረት ቀጥሎ ያደረግነው ሁለተኛው ስሕተት ከመጀመሪያው የባሰ መሆኑን ያስተዋልነው ቈይቶ ነው። ይኸውም ስማቸውን እንደ ሰማን በዚያው ቅጽበት ፍርዳችንን ገለበጥነው። «እንዴት ያለ መንፈሳዊ ዜማ ነው! ጸሎት ይመስላል» አልን። ሲዲው ግን ገና አልተጀመረም ነበረ፤ ሁለተኛ አልሰማነውም ነበረ። በሄርማታ ያለ መስማት ነቀፍን፥ በአዲስ አበባም ያለ መስማት አመሰገንን። የተለወጠው ጆሮአችን ሳይሆን የሰማነው ስም ነው። ያው ድምፅ የአንድ ስሙ ያልታወቀ የሆቴል ፒያኖ መቺ ቢሆንስ ኖሮ በነቀፋችን ጸንተን፥ ልጁንም በገሠጽን ረክተን እንኖር ነበርን? አዎን፥ እንኖር ነበር። ስለዚህ ጥፋታችን መነኵሲት መንቀፋችን አይደለም፤ ያልሰማነውን ነገር ሰማን ብለን መመስከራችን ነው። ይህም በቀላል ስሙ ሲጠራ የሐሰት ምስክርነት ነው።

ጠቢቡ ሰሎሞን ነገርን ሳይሰማ የሚመልሰውን ሰው በምሳሌው ነቅፎታል። እኛ ይህን ቃል ስለ ሙግትና ስለ ሐሜት ብቻ የተነገረ አድርገን እናስተምር ነበር።

ለመስማት ጊዜ የሚያስፈልገው ለምን እንደ ሆነ ከእኛ ከካህናት ይልቅ ሊያውቅ የሚገባው የለም። በዜማ ቤት ያደገ ሰው የዕዝልን ዜማ መጀመሪያ የሰማበትን ቀን ያስታውስ። ለሕፃን ጆሮ ከባድና የማያልቅ ይመስላል፤ አራራይ ግን ወዲያው ይይዘዋል። መሪጌታው ተማሪውን «የትኛውን ወደድህ?» ብሎ አይጠይቀውም፤ «እንደገና በል» ይለዋል። ከዓመታት በኋላ ያው ተማሪ በዓቢይ ጾም ሌሊት ያ ከባድ ዜማ እንባውን ሲያመጣበት ያገኘዋል። ዜማው አልተለወጠም። የቅዱስ ያሬድ ታሪክም እንዲሁ ነው፤ ትምህርት እንቢ ብሎት ከመምህሩ ከአባ ጌዴዎን ሸሽቶ ሳለ፥ ዛፍ ላይ ልትወጣ ስትሞክር እየወደቀች ደግማ የምትነሣውን ትል አይቶ እንደ ተመለሰ የሚነገረውን ሁላችንም ለልጆች እናስተምራለን፤ ለራሳችን ጆሮ ግን አንድ ጊዜ እንኳ መውደቅን አንፈቅድለትም።

ደግሞም በመካከላችን ያለውን እንመልከት። የቤተ ልሔም ዜማ የተማረ ሰው የአጫብርን ሲሰማ መጀመሪያ «ተበላሸ» ይላል፤ በጎንደር አቋቋም ያደገውም ተክሌ ሲዘመም ሲያይ ፊቱን ያዞራል። በጅማ፥ በአጋሮና በሊሙ ያሉ አገልጋዮች ከጎጃምም ከጎንደርም ከሸዋም የመጡ ስለ ሆኑ በአንድ ማኅሌት ቆመው ይህ ሲደርስባቸው ብዙ ጊዜ አይተናል። አብረው አሥር ዓመት ከቆሙ በኋላ ግን አንዱ የሌላውን ይናፍቃል። እንግዲህ በአንዱ በያሬድ ዜማ ውስጥ ባሉ ወንድማማቾች መካከል የመጀመሪያው መስማት እንዲህ የሚያሳስት ከሆነ፥ ከሩቅ አገር በመጣ መሣሪያ ላይማ ምን ያህል ያሳስት!

እማሆይን በእውነት የሰማናቸው በሦስተኛው ጊዜ ነው። ሲዲውን ተውሰን፥ በሌሊት፥ ምንም ሥራ ሳንይዝ ሰማነው። ያን ጊዜ የሰካራም አካሄድ ያልነው ነገር ምን እንደ ሆነ ተገለጠልን። ቁም ዜማ በከበሮ አይለካም፤ ቃሉ በረዘመበት ይረዝማል፥ ትንፋሽ ባለቀበት ያርፋል። የእማሆይ ቀኝ እጅ በፒያኖው ላይ የሚሄደው በዚህ ዓይነት ነው፤ ግራ እጃቸው ግን በስዊስና በካይሮ የተማሩትን የኤውሮፓ ሥርዓት ይዞ ይከተላል። እኛ ለከበሮ የሚስማማ ሚዛን ፈልገን ስላጣን ስካር አልነው። ሆኖም ሁሉን ወደድነው ለማለት ፈርተን ወይም አፍረን አንዋሽም። ከዜማዎቹ አንዳንዶቹ ለጆሮአችን የፈረንጅ ሳሎን ሽታ አላቸው፤ ጌጣቸው ይበዛል። ይህን ስንል የእማሆይን ምንኵስና አንነካም፤ የሰማነውን እንመሰክራለን እንጂ።

እዚህ ላይ አንድ አባት «ለመንፈሳዊ ሰው ሙዚቃን ይህን ያህል አጥብቆ መስማት ራሱ ፈተና አይደለምን?» ሊሉን ይችላሉ። ጥያቄው ከባድ ነው። የሂፖው ጳጳስ አውግስጢኖስ በኑዛዜው መጽሐፍ ከሚዘመረው ቃል ይልቅ የድምፁ ጣዕም ልቡን ሲወስደው እንደ በደል ቈጥሮ ተናዝዞበታል፤ አንዳንድ ጊዜም ዜማ ሁሉ ከጆሮው እንዲርቅ ይመኝ እንደ ነበረ ጽፎ፥ ነገር ግን በመመለሱ ወራት በዜማ ያፈሰሰውን እንባ አስታውሶ ዜማን መተው አልቻለም። ኤልሳዕም በገና መቺ ያመጡለት ዘንድ ጠየቀ። ፈተናው እንዳለ እናምናለን። ይሁን እንጂ ፈተናን የሚፈራ ሰው መንገዱ ዝም ማለት ነው፤ አለመስማትና መፍረድ በአንድነት ግን ከፈተና የሚያድን አይደለም፤ ሌላ ፈተና ነው።

በዚህ በቡና አገር ለሚኖር ሰው ምሳሌው ሩቅ አይደለም። ቡና ቀማሾች ከአንድ ዓይነት ቡና ብዙ ስኒ አስቀድተው ከእያንዳንዱ በማንኪያ ይቀምሳሉ። ትኩሱን ቀምሰው አይወስኑም፤ ለብ ሲል ይቀምሱታል፥ ሲቀዘቅዝም ይደግሙታል፤ በትኩስነቱ የተሸሸገው ነውር ወይም ደግነት ያን ጊዜ ይወጣልና። የጅማ ቡና በዓለም ገበያ ለብዙ ዘመን ዝቅተኛ ስም ነበረው፤ ፍሬው በመሬት ላይ ተሰጥቶ በመድረቁ የመጣውን ጣዕም ሰው የፍሬው ጣዕም አድርጎ ፈረደበት። በአጋሮ ዙሪያ ያሉ ገበሬዎች በማኅበር ሆነው እሸቱን እየለቀሙ ማጠብ በጀመሩ ጊዜ ከዚያው ዛፍ የተለቀመው ቡና ተመሰገነ። ለአንድ ስኒ ቡና ይህን ያህል ትዕግሥት ከተገባ፥ ሰው ዕድሜውን ለጨረሰበት ሥራ ሁለት ደቂቃ መስጠት ምን ይባላል?

ባለፈው ኅዳር ደግሞ ከዚህ የተለየ ነገር አየን። በመስከረም 2025 የሙላቱ አስታጥቄ «ሙላቱ ሙላቱን ሲጫወት» የሚል ትርጉም ያለው አልበም በለንደን ወጥቶ ነበርና፥ አንድ ወዳጃችን በሄርማታ በሚገኘው ቤታቸው ቡና አፍልተው ጥቂት ሰዎች ጠሩን። ሙላቱ በ1943 የተወለደው በዚህችው በጅማ ነው። በእንግሊዝ አገር፥ ኋላም በቦስተን ሙዚቃ ተምሮ፥ አምስት ድምፅ ያለውን የአገራችንን ቅኝት ከጃዝ ጋር አስማምቶ «ኢትዮ ጃዝ» የተባለውን መንገድ አወጣ፤ በ1972 እና በ1974 ያወጣቸው ሸክላዎች የታወቁ ናቸው፤ በ1998 በዚያው «ኢትዮጵክስ» በተባለው ኅትመት፥ በ2005ም በአንድ የአሜሪካ ፊልም ሥራው በዓለም ተሰማ። አዲሱ አልበም የቀድሞ ሥራዎቹን በአዲስ አሰናድቶ የያዘ ነው፤ ክራር፥ መሰንቆ፥ ዋሽንት፥ ከበሮና በገናም ገብተውበታል።

ባለቤቱ የቡና ነጋዴ ናቸውና ገና ሳይከፈት «የጅማ ልጅ ሥራ ነው፤ እንዴት መልካም አይሆን!» አሉ። ከኮሌጅ የመጣው ወጣት «ፈረንጆቹ ሁሉ አድንቀውታል» አለ። አብረውን የመጡት ደብተራ ደግሞ በገናን በሰሙ ጊዜ «በገና ከጥሩምባ ጋር ምን አገናኘው?» ብለው ነጠላቸውን አስተካክለው ተነሡ፤ ቡናው ሁለተኛው ላይ ስለ ደረሰ ግን «ለሦስተኛው ይቀመጡ፥ የኔታ» ተብለው ተቀመጡ። ሦስቱም ስለ አልበሙ አልተናገሩም። አንዱ ስለ አገሩ፥ አንዱ ስለ ፈረንጅ፥ አንዱ ስለ ቤተ ክርስቲያን ክብር ተናገረ። ለትውልድ አገር ተብሎ ማመስገን ከነቀፋ ይልቅ የዋህ ይመስላል፤ ለሠሪው ግን ያው አለመሰማት ነው። በሄርማታ «የእኛ ልጅ» እየተባለ የሚወደስ ሰው፥ ሥራውን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የሰማለት ስንቱ ነው?

የደብተራውን ቃል ግን ሳንመረምር አናልፈውም፤ ከሦስቱ ቢያንስ እርሳቸው ከሰሙት ነገር ተነሥተዋልና። በገና የዳዊት መሣሪያ ነው ብለን በጾም ለጸሎት እንጠቀምበታለን፤ ነገር ግን በማኅሌት የሚገባ ንዋየ ቅድሳት አይደለም። ስለዚህ ከሌላ መሣሪያ ጋር መሰማቱ ብቻውን ርኵሰት ነው ለማለት አንደፍርም፤ የሚያሳዝነው ድምፁ ተሸፍኖ ሲጠፋ ነው። ሙላቱ በየንግግሩ የመቋሚያን ነገር ሲያነሣ፥ መሪው በመቋሚያ ማኅሌቱን መምራቱ ከኤውሮፓ የኦርኬስትራ መሪ እንደሚቀድም መናገሩን እናውቃለን። ለአባቶቻችን የሰጠው ክብር ደስ ያሰኘናል፤ ሆኖም መቋሚያ ከማዘዣ በትር የሚበልጥ ብዙ ሥራ አለው፤ ይደገፉበታል፥ ይዘምሙበታል፥ ሌሊቱን ይዘልቁበታል። በ2007 እና በ2008 በሐርቫርድ ዩኒቨርሲቲ በነበረ ጊዜ ስለ ቅዱስ ያሬድ የጀመረውን ኦፔራ ግን አልሰማነውምና ስለ እርሱ አንናገርም።

የእኛስ ምስክርነት? «የከርሞ ሰው» የተባለው የቀድሞ ዜማ በዚህ አልበም ሲመለስ፥ የቀድሞ ቤቱን አስፍቶ የሠራ ሰው ዘንድ እንደ መግባት ሆነብን፤ ክፍሉ በዝቷል፥ ምድጃው ግን የቀድሞው ነው። ክራሩና መሰንቆው ቅኝቱን በያዙበት ስፍራ አምስቱ ድምፆች ጥርት ብለው ቆሙልን። ነፋስ መሣሪያዎቹ ከቅኝቱ ውጭ ያሉ ድምፆች በደራረቡበት ስፍራ ግን መንገዱ ጠፋብን። «ዘለሰኛ ደወል» በሚለው ላይ የበገና ዘለሰኛ ለምዶ የመጣ ጆሮአችን የሚጠብቀውን ዝግታ አላገኘም፤ ቅር አለን። ይህ የሥራው ጉድለት ይሁን የጆሮአችን በመጀመሪያው ማታ አላወቅንም፤ ስለዚህ በሌላ ሁለት ማታ ሄደን ሰማነው። በሦስተኛው ማታ ከጠፋብን መንገድ ግማሹ ተመለሰ። ግማሹ እስከ ዛሬ አልተመለሰም።

ስለ ሱቁ ልጅ የቀረውን እንናገር። ከዚያ ሐሙስ በፊት ማታ ማታ አሮጌ ኪቦርድ ካለበት ቤት እየሄደ ይለማመድ እንደ ነበረ፥ ከዚያ ወዲህ ግን መሄዱን እንደ ተወና ወደ ከበሮውም እንዳልተመለሰ እናቱ የነገሩን እርሱ ወደ አዲስ አበባ ከሄደ በኋላ ነው። ያን ቀን ሲጠይቀን ስለ ሲዲው ብቻ የጠየቀን መስሎን ነበር። እርሱ ግን በዚያ ድምፅ ውስጥ የራሱን መንገድ ይጠይቅ ኖሯል፤ እኛም መልስ እየቈጠርን መለስንለት። ጥፋታችንን እንደ ዐወቅን ልንነግረው ብዙ ጊዜ አሰብን፤ አድራሻ የለንም በሚል ምክንያት ዘገየን፤ እናቱ ግን በየሰንበቱ ከፊታችን ይቆሙ ነበር።

በዚያው በኅዳር ወር፥ አልበሙን የሰማንበት ቤት ባለቤት ከአዲስ አበባ ሲመለሱ አንድ ትንሽ ሜሞሪ ካርድ አመጡልን። ልጁ ነበረ የላከው። በውስጡ ያለው በ2024 የወጣው «ሱቬኒር» የተባለ የእማሆይ አልበም ነው፤ ከ1977 እስከ 1985 ባለው ዘመን በቤታቸው ሆነው በካሴት የቀዱት፥ ፒያኖ እየመቱ በገዛ ድምፃቸው በአማርኛ የሚያዜሙበት ነው። ከካርዱ ጋር ደብዳቤ አልነበረም፤ ቃልም አልተላከብንም። «ምን ይላሉ?» የሚለው ጥያቄ ግን ነበረበት።

ሦስት ማታ ሰማነው፤ በአራተኛው ቀን ጻፍንለት። የካሴቱ ጥራት ደካማ መሆኑን፥ የእማሆይ ድምፅ በአንዳንድ ስፍራ ወደ ላይ ሲወጣ እንደሚከዳቸው፥ ሁለቱን መዝሙሮች ሳንወድ እንደ ቀረን ጻፍንለት። በመስኮት የሚገባ የወፍ ድምፅ እንደ ሰማን፥ አገሩን ሊለይ የተቃረበ ሰው የሚዘምረውን ስንሰማ በልጅነታችን ከወላጆቻችን ቤት ወደ ዜማ ቤት የወጣንበት ጧት ትዝ እንዳለን፥ ለምን እንደ ሆነ ግን እንዳላወቅን ጻፍንለት። በመጨረሻም በ2008 በሱቁ ደጃፍ ስለ ሌላው ሲዲ የሰጠነውን ቃል ሳንሰማ እንደ ሰጠነው ጻፍንለት፤ ይህን አንድ መስመር ለመጻፍ ከቀረው ደብዳቤ ሁሉ የበለጠ ጊዜ ፈጀብን። ደብዳቤውን በታኅሣሥ መጀመሪያ ነጋዴው ይዘውልን ሄዱ። መልሱ ገና አልመጣም።